የጁስ አንቲኦክሲዳንት ለስኳር፣ ለግፊትና ለኩላሊት ታማሚ ምን ይፈይዳል?

ድሬዳዋ ላይ በከሰዓት ሙቀት ጁስ ቤት ገብታችሁ ባዶ ወንበር በቀላሉ ካገኛችሁ ወይ መብራት ጠፍቷል፣ ወይ ፍራፍሬ የጫነው መኪና አልገባም። ከከዚራ ዛፎች ጥላ እስከ ሳቢያን፣ ሐረር ሲወጣ ደግሞ ፈረስ መጋላ ዙሪያ፣ መፍጫው ሲጮህ ይውላል። ጁስ መውደዳችን የቆየ ነው። አሁን የመጣው ነገር ጁሱን መድኃኒት ማለት ነው። ማንጎው «የካንሰር ጠላት»፣ ቀይ ሥሩ «ግፊት አውራጅ»፣ ሮማኑ «ልብ አዳሽ» እየተባለ በቲክቶክ ይዞራል። እንዴት ሆኖ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፦ አንቲኦክሲዳንት። ቤቱ ስኳር፣ ግፊት ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው ያለው ሁሉ ይህን ሰምቶ ያስጨምቃል፤ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ሲጠይቅም በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ይዞ ይሄዳል።

መልሱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ ፍራፍሬ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ጥሩ ምግብ ነው። ጁስ ግን ከፍራፍሬ ጋር እኩል አይታይም። ብርጭቆው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ደግሞ ለሕመምተኛው ትንሹን ለውጥ የሚያመጣው አንቲኦክሲዳንቱ ነው። ስኳሩ፣ ፖታሲየሙና ከሚዋጠው ኪኒን ጋር የሚፈጥረው ነገር ይበልጣሉ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ምንድን ነው?

አቮካዶ ለሁለት ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ይጠቁራል። ጁስ የምትሠራዋ ልጅ ሎሚ ጠብ ካደረገችበት ግን እንዲያ ቶሎ አይጠቁርም። የሚያጠቁረው የአየሩ ኦክስጅን ከፍሬው ጋር የሚያደርገው ኬሚካላዊ ሥራ ሲሆን፣ የሎሚው አሲድና ቫይታሚን ሲ ያንን ሥራ ያዘገዩታል።

ሰውነታችን ውስጥም ኦክስጅን ይሠራል። ሴሎች ከምግብ ጉልበት ሲያወጡ በመሀል ኤሌክትሮን የጎደላቸው ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ነጻ ራዲካል ይባላሉ። የጎደላቸውን ለመሙላት አጠገባቸው ካለው ስብ፣ ፕሮቲን ወይም ዲኤንኤ ላይ ይነጥቃሉ፤ የተነጠቀውም ይጎዳል። አንቲኦክሲዳንት ማለት የራሱን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ይህን ንጥቂያ የሚያስቆም ማንኛውም ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ማንጎንና ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን፣ እንዲሁም በሮማን፣ በወይንና በሻይ ውስጥ የሚገኙት ፖሊፊኖሎች እዚህ ውስጥ ይመደባሉ።

አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰው የሚያረጀው ነጻ ራዲካሎች ቀስ በቀስ በሚያደርሱት ጉዳት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በስኳር፣ በልብና በኩላሊት ሕመምተኞች ደም ውስጥ የዚህ ጉዳት ምልክቶች ከጤነኛው በዝተው እንደሚገኙ ታየ። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል መሰለ፦ ሕመሙ ነጻ ራዲካል ያበዛል፣ ፍራፍሬ ነጻ ራዲካልን የሚያስቆም ነገር አለው፣ እንግዲያው ፍራፍሬውን ጨምቆ መጠጣት ሕመሙን ይቀንሳል።

ታዲያ ሒሳቡ የት ላይ ሳተ?

ሰው ላይ ሲሞከር ሳተ። በፊንላንድ 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ በታተመ ሙከራ፣ ቤታ ካሮቲን በኪኒን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይቀንሳል ተብሎ ተጠብቆ የነበረው ጨመረ። አሜሪካ ውስጥ በአጫሾችና በአስቤስቶስ ሠራተኞች ላይ የተካሄደው ተመሳሳይ ሙከራ በ1996 መጀመሪያ ላይ ከጊዜው በፊት እንዲቋረጥ ተደረገ፤ እዚያም ካንሰሩ ኪኒኑን በወሰዱት ላይ በዝቶ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ የልብ፣ የደም ሥርና የስኳር ሕመምተኞችን ይዘው ቫይታሚን ኢ፣ ሲና ቤታ ካሮቲን አንድ ላይ ለአምስት ዓመት ያህል ሰጡ። በ2002 የወጣው ውጤት ጉዳትም ጥቅምም አላሳየም፤ ድንገተኛ የልብ ጥቃቱም፣ ስትሮኩም፣ ሞቱም ያው ነበር። በ2012 ደግሞ 78 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኢ በኪኒን መውሰድ ዕድሜ እንደማያረዝም፣ እንዲያውም ሞትን በትንሹ የሚጨምር እንደሚመስል ደመደመ።

እነዚህ ሙከራዎች የተደረጉት በኪኒን እንጂ በጁስ አይደለም፤ ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። ማንጎ ካንሰር ያመጣል ያለ የለም። የወደቀው «አንቲኦክሲዳንት በበዛ ቁጥር ጤና ይበዛል» የሚለው ሐሳብ ነው፤ የጁሱ ማስታወቂያ የቆመውም በዚያው ሐሳብ ላይ ነው።

ለምን ወደቀ? አንደኛ፣ ነጻ ራዲካል ጠላት ብቻ አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች ጀርም የሚገድሉበት መሣሪያ ነው፤ ሴሎችም እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጡበታል። በ2009 ጀርመን ውስጥ በወጣት ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ስፖርት እየሠሩ ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት የወሰዱት ሰዎች ስፖርቱ ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ በደንብ እንዲሠራ የሚሰጠውን ጥቅም አጡት። ኪኒኑን ያልወሰዱት ጥቅሙን አገኙ። ሰውነት በስፖርት ጊዜ የሚፈጠረውን መጠነኛ ጉዳት እንደ ማንቂያ ይጠቀምበት ነበርና፣ ማንቂያው ሲታፈን ዝም አለ።

ሁለተኛ፣ ሰውነት የራሱን አንቲኦክሲዳንት ያመርታል። ግሉታታዮን የሚባለው ሴል ውስጥ ይሠራል፤ ከውጭ የሚገባው ከዚህ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ይገርመኛል። ፖሊፊኖል ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ሲሆን፣ የገባውም በአንጀት ባክቴሪያና በጉበት ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኖ ነው። ሰዎች ፖም ከበሉ በኋላ ደማቸው ሲለካ የአንቲኦክሲዳንት አቅሙ ከፍ ብሎ ታየና ተመራማሪዎች ምንጩን ፈለጉ። የጨመረው ዩሪክ አሲድ ሆኖ ተገኘ፤ እሱን ያበዛው ደግሞ ፍሩክቶስ የሚባለው የፍራፍሬው ስኳር ነው። ዩሪክ አሲድ ሲበዛ ሪህ እንደሚያመጣ ሪህ የያዘው ሰው ይነግራችኋል።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ምግቦችን በአንቲኦክሲዳንት አቅማቸው ደረጃ የሰጠበትን ሰንጠረዥ በ2012 ከድረ ገጹ ያወረደውም ለዚህ ነው። በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የተለካው ቁጥር በሰው አካል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር እንደማይናገር፣ ነጋዴዎችም ለማስታወቂያ እየተጠቀሙበት እንደሆነ ገልጾ ነው ያነሣው። ቁጥሮቹ ግን እስካሁን በጠርሙስ ላይ ይታተማሉ።

ታዲያ ፍራፍሬ አይጠቅምም?

በጣም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ሙከራ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ቅባቱ የቀነሰ ወተት የበዛበት አመጋገብ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ11 ያህል እንዳወረደ አሳይቷል። ይህ አንድ የግፊት ኪኒን ከሚያደርገው አይተናነስም። ያደረገው ግን ፖታሲየሙ፣ አሰሩ (ፋይበሩ)፣ ካልሲየሙና የማይረባው ምግብ መቅረቱ ተደማምረው ነው።

ዋናው ልዩነት ፍሬውን በመብላትና ጁሱን በመጠጣት መካከል ይታያል። ከ187 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለና በ2013 የታተመ ጥናት፣ ሙሉ ፍራፍሬ በተለይም ወይን፣ ፖምና ብሉቤሪ የሚበሉት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ፣ ጁስ አዘውትረው የሚጠጡት ደግሞ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቷቸዋል። ጁሱም ፍሬውም አንቲኦክሲዳንት አላቸው፤ ውጤታቸው ግን ተቃራኒ ሆነ።

የኛ ብርጭቆ ውስጥ ምን አለ?

የውጭ ጥናቶች ጁስ ሲሉ ተጨምቆ የተጣራውን ነው። የኛ ጁስ ቤት የሚሠራው አብዛኛው ተፈጭቶ ነው፤ ማንጎው ሥጋው እንዳለ ይገባል፣ በማንኪያ እስኪበላ ይወፍራል። አሰሩ ቢደቅም አለ። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ስፕሪስ ስታዙ አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩ። አቮካዶው ከታች ይፈስሳል፣ በላዩ ማንጎ፣ ከዚያ ፓፓያ ወይም ዘይቱን። በየፍሬው ፍጭት ውስጥ በተናጠል ስኳር ገብቷል። ከላይ ቪምቶ በክብ ይንጠባጠብበታል፤ ሎሚው ግማሹ ተቆርጦ በጎን ይመጣል። ሰው የሚያየው ሦስት ቀለም ስለሆነ፣ ሦስት ጊዜ የገባው ስኳር አይታየውም።

የማንጎውን ብቻ እንቁጠር። 100 ግራም ማንጎ በውስጡ 14 ግራም ያህል ስኳር አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ 250 ግራም ማንጎ ከያዘ 35 ግራም ስኳር ሆነ፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ከማሰሮው የተጨመረው ሳይቆጠር። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ከ30 ግራም ትንሽ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳርንና የጁስ ስኳርን በአንድ መድቦ፣ ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል።

አቮካዶ ለየት ይላል። በተፈጥሮው ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ ጁሱን የሚያጣፍጠው ቤቱ የሚጨምርበት ነው። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው «አቦ፣ አቮካዶ፣ ያለ ስኳር፣ ሎሚ ብቻ ጨምቂልኝ» ቢል ከዝርዝሩ ላይ የተሻለውን መርጧል። ልጅቷ «ኧረ አይጣፍጥም» ትል ይሆናል። እውነቷን ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አይጣፍጥም።

ስኳር ያለበት ሰው ጁስ ይጠጣ ወይስ ይተው?

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ፍራፍሬ ክልክሉ አይደለም። አንድ መካከለኛ ብርቱካን እየላጠ ቢበላ ወደ 12 ግራም ስኳርና 3 ግራም አሰር ያገኛል፣ አሰሩም ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይገታል። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ግን ሦስት አራት ብርቱካን ይፈልጋል፤ ያን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፣ በሁለት ደቂቃ የሚጠጣው ግን ብዙ ነው። በቀን አንድ ሁለት ፍሬ በምግብ ሰዓት መብላት ለአብዛኛው የስኳር ታማሚ ችግር አያመጣም። የየራስን ልክ የሚያሳየው ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ በጣት የሚለካው ቁጥር ነው።

በእኛ ከተሞች ሁለት ሰዓቶች በተለይ ያስቸግራሉ። አንዱ የረመዳን ማፍጠሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ በድሬ ሙቀት ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው አዛን ሲሰማ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀዝቃዛው ጁስ ነው፤ ከጎኑ ተምር፣ ሳምቡሳና ሾርባ አለ። ባዶ ሆድ ላይ የገባ ጁስ፣ ተምርና ሊጥ ተደራርበው የደም ስኳርን በአንዴ ያንሩታል። ስኳር ያለበት ጿሚ በውሃና በአንድ ሁለት ተምር አፍጥሮ፣ ጁሱን ትቶ ከሾርባው ቢጀምር ይሻለዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚውጥ ሰው ደግሞ መጾም ይችል እንደሆነና መጠኑ እንዴት እንደሚለወጥ ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ከሐኪሙ ጋር መጨረስ አለበት።

ሌላው የከሰዓቱ በርጫ ነው። ጫት አፍ ያደርቃል፣ መራራም ነው፤ ስለዚህ ለስላሳው፣ ጣፋጩ ሻይ ወይም ጁሱ አብሮ ይንቆረቆራል። ጫቱ ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ዘግቶም እራት ያዘልላል። እዚህ መሀል ጁሱን በአንቲኦክሲዳንቱ ማመስገን ትንሽ ያስቃል።

ለግፊት የሚበጀው ኩላሊትን ለምን ይጎዳል?

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ነው፤ ፖታሲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ስለሚመለከት። ፖታሲየም ሰውነት ጨውን በሽንት እንዲያስወጣና የደም ሥር ዘና እንዲል ይረዳል፣ ግፊት ይቀንሳል። ፍራፍሬ ለግፊት ጥሩ ነው የሚባልበት ዋና ምክንያት እሱ ነው። ጤነኛ ኩላሊት የተረፈውን ፖታሲየም አጣርቶ ይጥላል።

የተዳከመ ኩላሊት ግን መጣል ያቅተዋል። ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጠኑ ሲያልፍ የልብ ምት ይዛባል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው። አንዳንዱ ጡንቻው ይዝላል፣ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም።

100 ግራም አቮካዶ ወደ 485 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለው። 200 ግራም የገባበት አንድ ብርጭቆ ወደ አንድ ግራም ተጠጋ። ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው የቀን መጠን ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። ለስኳር ታማሚው ከሁሉ የተሻለ ያልነው ብርጭቆ፣ ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ላለ ሰው ከሁሉ የከፋው ሊሆን ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቀይ ሥርና ሁመርም ፖታሲየማቸው ከፍ ያለ ነው። አናናስና ፖም ዝቅ ይላሉ።

የስኳርና የኩላሊት ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ። ለዓመታት የቆየ ስኳርና ግፊት ኩላሊትን ቀስ እያለ ያደክማል፣ ሰውየውም ላያውቀው ይችላል። በዚያ ላይ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶችና ስፓይሮኖላክቶን በራሳቸው ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ «ለግፊቴ» ብሎ በየቀኑ ጁስ ከመጀመር በፊት የኩላሊት ምርመራ ውጤትን ማየት ይቀድማል። ድል ጮራም ሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው በቀጠሮው ቀን «ኩላሊቴ እንዴት ነው? ፖታሲየሜስ?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙ ከካርዱ አይቶ ሊነግረው ይችላል።

ጁስ ከኪኒን ጋር ይጣላል?

አንዳንዱ ይጣላል። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 አልኮል ፌሎዲፒን በተባለ የግፊት መድኃኒት ላይ የሚያደርገውን ለውጥ ሲያጠኑ፣ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን ግሬፕፍሩት የሚባለውን መራራ የብርቱካን ዘመድ ጁስ ተጠቀሙ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ካሰቡት በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ጥፋተኛው ጁሱ ነበር። ግሬፕፍሩት አንጀት ውስጥ መድኃኒትን የሚሰብር ኢንዛይም ያሰናክላል፤ ያልተሰበረው መድኃኒት ሁሉ ወደ ደም ያልፋል። አንድ ኪኒን የዋጠ ሰው ብዙ እንደዋጠ ይሆናል ማለት ነው፣ ውጤቱም ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ኒፈዲፒን፣ ለኮሌስትሮል የሚሰጡት ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን በዚህ ይነካሉ። ግሬፕፍሩት ጁስ ቤታችን ብዙ አይታይም፤ በካርቶን በሚሸጡ ድብልቅ ጁሶች ውስጥ ግን ሊኖር ስለሚችል ጽሑፉን ማንበብ ነው።

ተራው ብርቱካን ደግሞ በተቃራኒው አቴኖሎል የሚባለው የግፊት መድኃኒት በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኪኒን በውሃ ይዋጣል። በልብ ቫልቭ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ማንኛውንም አዲስ ጁስ በየቀኑ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የደሙ መቅጠን ከአመጋገብ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ።

ቀይ ሥር፣ ሮማንና ኖኒስ?

ቀይ ሥር ግፊት ያወርዳል የሚለው ወሬ መሠረት አለው። በ2015 የታተመ የለንደን ሙከራ ግፊት ያለባቸው ሰዎች በቀን 250 ሚሊ ሊትር የቀይ ሥር ጁስ ለ4 ሳምንት ጠጥተው የላይኛው ቁጥር በ8 ያህል እንደወረደ አሳየ። ከዚህ ጥናት ልብ ልትሉልኝ የምፈልገው ግን ሌላውን ቡድን ነው። እነሱም የቀይ ሥር ጁስ ነበር የጠጡት፤ ልዩነቱ ናይትሬት የሚባለው ንጥረ ነገር ከውስጡ መውጣቱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነበር። የነሱ ግፊት ግን አልወረደም። ግፊቱን ያወረደው ናይትሬቱ ነው። እሱም የሚሠራው ምላስ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች ተለውጦ ስለሆነ፣ አፉን ጀርም በሚገድል መጉመጥመጫ የሚያጥብ ሰው ጥቅሙን ያጠፋዋል። ጁሱ ሲቆምም ግፊቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ ከሐረማያና ከኮምቦልቻ የሚወርደው ቀይ ሥር ለግፊት ታማሚ መልካም ነው፤ ኪኒን ግን አያስተውም፣ ለኩላሊት ታማሚና ጠጠር ለሚይዘው ሰውም አይመከርም።

ሮማን በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረጉ አጫጭር ጥናቶች ግፊትን በትንሹ ሲቀንስ ታይቷል። ከዚያ ያለፈ ነገር የተናገረው የካሊፎርኒያው ፖም ወንደርፉል ኩባንያ፣ ጁሱ የልብ በሽታንና የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከላል፣ ያክማል ብሎ ማስታወቁ አሳሳች ነው ተብሎ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተፈረደበት፤ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው።

ኖኒ ከሚባል የውጭ ፍሬ የሚሠራው ጁስ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ ሰው በሰው እየተቀባበለ በውድ የሚሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የኩላሊት ታማሚ ፖታሲየሙ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ ሲመረመር ኖኒ ጁስ ይጠጣ እንደነበር ታወቀ። በጁሱ ውስጥ የተገኘው ፖታሲየም ከብርቱካንና ከቲማቲም ጁስ ጋር ተቀራራቢ ነበር። ያን ያህል ብር የሚከፈልበት ጠርሙስ በዚህ በኩል ከኤረር ብርቱካን የሚለየው ነገር የለም።

የካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ሰውስ?

ፍራፍሬ መብላት ይችላል፤ አፉ ቆስሎ መዋጥ ላቃተው ሰው ጁስ ጉልበት ይሰጣል። የሚከለከለው በኪኒንና በዱቄት የሚሸጥ ከፍተኛ መጠን ያለው አንቲኦክሲዳንት ነው። ጨረርና ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ዕጢውን ከሚገድሉበት መንገድ አንዱ ነጻ ራዲካል ስለሆነ፣ እሱን የሚያከሽፍ ነገር ዕጢውንም ሊጠብቀው ይችላል። ካናዳ ውስጥ የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ታማሚዎች በጨረር ሕክምና ወቅት ቫይታሚን ኢና ቤታ ካሮቲን ወስደው የጎንዮሽ ጉዳቱ ሲቀንስላቸው፣ ዕጢው ተመልሶ የመምጣት አዝማሚያው ግን ከፍ ብሎ ታይቷል። ሌላው የጁሱ ንጽሕና ነው። የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ያልተጣራ ውሃ፣ ምንጩ ያልታወቀ በረዶና ሲቆረጥ የዋለ ፓፓያ አያስፈልገውም፤ ቤት ታጥቦ፣ ተልጦ ወዲያው የተፈጨ ይጠጣ።

የኩላሊት ጠጠር ላይ ሎሚ ይሠራል?

የጀበና ውስጥ ነጭ በሚለብስባት ድሬ ይህ ጥያቄ የማይነሣበት ቤት የለም። ሰው ጠጠሩን በውሃው ያሳብባል፤ ይበልጥ የሚያመዝነው ግን ሙቀቱ የሚያወጣውን ላብ የሚተካ ውሃ አለመጠጣት ነው። ሎሚና ብርቱካን ውስጥ ያለው ሲትሬት ሽንት ውስጥ ገብቶ ካልሲየም ተጣብቆ ጠጠር እንዳይሠራ ያግዛል። ስለዚህ ስኳር ያልገባበት የሎሚ ውሃ ጥሩ ነው። የቫይታሚን ሲ ኪኒን በከፍተኛ መጠን መውሰድ ግን ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል፤ በስዊድን ወንዶች ላይ የተደረገ ክትትል ኪኒኑን የሚወስዱት ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል።

ጁስ በእርግጥ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ?

አዎ፣ አንድ ጊዜ አለ፤ የሚሠራውም በስኳሩ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው ምግብ ካሳለፈ ወይም ብዙ ከሠራ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ንግግሩ ይደናበራል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ከታየ፣ ወዲያው 15 ግራም ያህል ስኳር ያስፈልገዋል፦ ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልወጣ ይደገማል። ሲስተካከል ምግብ ይበላል። ለዚህ ሰዓት አቮካዶ አይሆንም፤ ስኳሩ ትንሽ፣ ስቡ ብዙ ነውና ያዘገየዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ትን ብሎት ሊታፈን ስለሚችል ጁስም ውሃም አፉ ውስጥ አይጨመርበትም። በጎኑ አስተኝቶ ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።